የእንጆሪ ስስት

ሐበሻ ሲያጎርስ አይሰስትም። እንግዳው ጠግቤያለሁ ቢል «በሞቴ» ይባላል፤ በሞቴ አልበቃ ካለ «አፈር ስሆን» ይከተላል፤ እሱም ካልሠራ ጉርሻው በግድ ይገባል። ጓዳ ውስጥ የቀረችውን አንዲት እንቁላል ለማያውቀው መንገደኛ የሚጠብስ ሕዝብ ነው። ይህ ቸርነት ግን ዳር ድንበር አለው፤ ድንበሩም የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነው። ከአፉ ነጥቆ የሚያጎርስህ ሰው፣ የበሰለ እንጆሪ የት እንዳለ ስትጠይቀው በድንገት አገሩን የማያውቅ እንግዳ ይሆናል።

እንጆሪ ስል የጁስ ቤቱን ማለቴ አይደለም። እሱ መሬት ለመሬት እየሄደ በመስኖ የሚለማ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ የሚሸጥ የከተማ ሰው ነው። እኔ የምለው የዱሩን ነው፤ የሱሉልታ ልጆች «ጎራ» ብለው የሚጠሩትን። ደጋ ይወዳል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ሲሆን ደስ ይለዋል። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ አታገኘውም፤ የጫካ ጠርዝ፣ የወንዝ ዳር፣ ዛፍ ወድቆ ፀሐይ የገባችበት ቦታ ነው ሰፈሩ። በእንጦጦ ጀርባ አለ፣ በጣርማ በር ዙሪያ አለ፣ በመናገሻ ሱባ አለ። የሱባን ጥድ በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ነው ያስተከሉት ይባላል። እንጆሪውን ግን ማንም ያስተከለው የለም፤ ወፍ በልታ፣ ወፍ ዘርታው ነው የበቀለው። ምናልባት ባለቤት አልባ መሆኑ ይሆናል ሁሉንም ሰው ባለቤት የሚያደርገው።

እንጦጦ ላይ አንዲት እናት ከጫካ ሲወጡ ብታገኛቸው ጠይቃቸው። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል፣ በእጃቸው የተከደነ ጣሳ ይዘዋል፣ ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ወይን ጠጅ ሆኗል።

«እማማ፣ እንጆሪ አለ እንዴ?»

«ኧረ የት አለና ልጄ! ዘንድሮ ወፉ ጨርሶታል።»

ይህንን ሲሉ ከንፈራቸው ጥቁር ነው። ጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ አትጠይቅም፣ እሳቸውም አይነግሩህም። «እዚያ ማዶ ግን አይጠፋም፤ ትልቁን ዛፍ አልፈህ» ይሉሃል ለነፍሳቸው ብለው። ጫካ ውስጥ ትልቁን ዛፍ አልፈህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተው አስበው። አጎቴ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመሞቱ በፊት የመሬቱን ወረቀት ለልጆቹ አስረክቧል፣ የባንክ ደብተሩን አስረክቧል፣ ያበደረውንና የተበደረውን አንድ በአንድ ነግሯል። የእንጆሪውን ቦታ ግን ይዞት ሄደ።

አጋም እንዲህ አይደለም። አጋም የጋራ ነው፤ ሰው ተጠራርቶ ይወርድበታል። ሾላም ዋንዛም እንደዚያው፣ ዛፉ ከሩቅ ስለሚታይ መደበቅም አይቻልም። እንጆሪ ግን ዝቅ ብሎ፣ በቅጠሉ ውስጥ ፍሬውን ከትቶ፣ አጠገቡ ደርሰህ እንኳ ካላጎነበስክ የማይታይ ነው። ምስጢር እንዲሆን የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

ዘብም አለው። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ስትገባ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ምንም አይልህም። ዓይንህ ውስጥ ውስጡን ያለችው ትልቋ ፍሬ ላይ ስለሆነ ክንድህ እስከ ብብትህ መግባቱን አታስተውልም። ፍሬዋን ይዘህ እመለሳለሁ ስትል ነው ሹራብህ፣ ሱሪህ፣ ፀጉርህ ሳይቀር በየአቅጣጫው የሚያዘው። እዚህ ላይ የሰው ባሕርይ ይታያል። ችኩሉ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ በጎተተ ቁጥር እሾሁ ጠልቆ ይገባል፣ ሹራቡ ይተረተራል። የለመደው ሰው ግን ይቆማል፣ ጭራሽ ወደ ቁጥቋጦው ትንሽ ገፋ ይላል፣ እሾሁ ከክሩ ሲላቀቅ ቅርንጫፉን በሁለት ጣት ከቅጠሉ በኩል ይዞ ያነሳዋል፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። እረኞች ይህንን ሲያደርጉ እያወሩ ነው፤ አያዩትም እንኳ።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ በ1769 እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል የገባው፣ ስለ ቀንጠፋ የጻፈው ነገር አለ። ቀንጠፋም እንዲሁ የተቆለመመ እሾህ ያለው ነው። በዚያ ዘመን ንጉሡ ሊዘምቱ ሲሉ በየአቅጣጫው ቀንጠፋ እንዲቆረጥ አዋጅ ይነገር ነበር ይላል፤ የንጉሡን ካባ ቀንጠፋ ስለያዘው አካባቢውን ያላስመነጠረው ሹም እስከ መሰቀል እንደደረሰም ጽፏል። ለእንጆሪ ግን እንዲህ ያለ አዋጅ ስለመውጣቱ አላነበብኩም። ቢወጣም የሚፈጸም አይመስለኝም፤ ሹሙ ቁጥቋጦው የት እንዳለ ቢያውቅ እንኳ አይናገርማ!

አለቃቀሙም ወግ አለው። ጥቁር የሆነ ሁሉ የበሰለ አይደለም። ጣትህን ከሥሩ አድርገህ ስትነካው እጅህ ላይ ቶሎ ከወደቀ በስሏል፤ ከግንዱ ጋር ትግል ከገጠመ ተወው፣ ነገ ና። ቤት ወስጄ አበስለዋለሁ ማለት ለሙዝ ነው የሚሠራው። እንጆሪ ከተቀጠፈ በኋላ ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም፤ ጎምዛዛውን ከቀጠፍክ ጎምዛዛውን ትበላለህ። ትልቅ ባልዲ ይዞ መሄድም የከተማ ሰው ጉጉት ነው። አንዷ ፍሬ ብዙ ጥቃቅን ጭማቂ የሞላባቸው ከረጢቶች ተጣብቀው የሠሯት ስለሆነች ክብደት አትችልም፤ ባልዲው ሲሞላ የታችኛው ተጨፍልቆ ጁስ ሆኗል። ጣሳ፣ ያውም ዝቅ ያለ ጣሳ ይበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ዕቃ ደግሞ አፍ ነው።

አፍ ግን ምስክር ነው፣ ችግሩ እሱ ላይ ነው። ከብት ባቄላ ውስጥ ገብቶ ሲገኝ የእረኛ እናት ምርመራ አታበዛም። «ምላስህን አውጣ!» ትላለች። ምላሱ ጥቁር ከሆነ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ይግባኝ የለም። ልጆች ምላሳቸውን በቅጠል ያሹታል፣ በውሃ ይጉመጠመጣሉ፣ በእጅጌያቸው ይጠርጉታል፤ እጅጌውም ሁለተኛ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። በጾም ቀን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እንጆሪው ራሱ የጾም ነው፣ ማንም አይከለክለውም፤ ሰዓቱ ነው የሚያጣላው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የጠቆረ ምላስ ይዞ ቤት መግባት ማለት እናትንም አያትንም በአንድ ቀን ማስቀየም ነው።

ስለ ዘር ማንዘሩ ካነሳን፣ እንጆሪ ጥሩ ቤተሰብ አለው። የጽጌረዳ ወገን ነው። ፖምና ኮክ ዘመዶቹ ናቸው። አጥር ሥር የሚበቅለው ቀጋ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሾሁን አይቶ መገመት ይቻላል። ጥቁር እንጨትም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው። ሰው የሚደነግጠው ግን ኮሶም ዘመዱ ነው ሲባል ነው። አዎ፣ ያ በጠዋት በባዶ ሆድ አፍንጫ ተይዞ የሚጠጣው፣ አያቶቻችን በየጊዜው ፊታቸውን አጨማድደው የሚጋቱት ኮሶ! በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ሁሉ የሚወደው፣ ሌላው ግን በክፉ ቀን ካልሆነ የማይጠራው ሆኖ ማደጉ በእኛም ቤት አለ። ውለታው ግን የኮሶው ነው የሚበልጠው።

የዕፅዋት ሊቃውንት ከአገራችን እንጆሪዎች አንዱን ሩቡስ ስቱድኔሪ ይሉታል። ስቱድነር ጀርመናዊ ሐኪምና የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር፤ በ1861 እ.ኤ.አ. ከጀርመናዊው ተጓዥ ከሆይግሊን ጋር መጥቶ እስከ አፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ዘልቋል። ከዚህ ወጥቶ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምትባለው አገር ውስጥ በ1863 እ.ኤ.አ. በንዳድ ሲሞት ገና 30 ዓመቱ ነበር። ስሙን ለእንጆሪው የሰጠው ሌላ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ ሽዋይንፉርት ነው። መቼም ስቱድነር ቁጥቋጦውን ራሱ ፈልጎ አገኘው ብዬ አላምንም። አንድ እረኛ አሳይቶት መሆን አለበት፤ የዚያ እረኛ ስም ግን የትም አልተጻፈም። ምስጢር ሲያወጣ የተገኘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ አክስቴ ቤት። አክስቴ የዱር ፍሬ ስታይ መጀመሪያ የምታስበው ትሉን ነው፤ ልክም ናት። የዱር እንጆሪ ውስጥ ክር የመሰሉ ነጫጭ ትሎች አይጠፉም። ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ብትዘፈዝፈው ትሎቹ አንድ በአንድ እየወጡ ከላይ ይንሳፈፋሉ። የማይዘፈዝፍ ሰውም ይበላል፣ አይሞትም፤ እንደውም ሳያይ የበላ ሰው ደስተኛ ነው። አክስቴ ግን አየች። ያየችውም በፍልሰታ ሆነና ሌላ ጭንቀት ገባት፦ ይኼ ትል የፍስክ ነው የጾም? ሁሉም ባይወጣና አንዱ ቢቀርስ?

የንስሐ አባቷ ለጠበል ጸዲቅ ሲመጡ ጥያቄውን ከነሳህኑ አቀረበችላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ፣ ፍሬውን አገላብጠው አዩ፣ አንዷን አነሱና ቀመሱ፤ ዝም አሉ። ሁለተኛዋን ቀመሱ። አክስቴ ፍርዱን ትጠብቃለች።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከየት ነው ያገኘሽው?»

«ኧረ ሰው አምጥቶልኝ ነው አባቴ» አለች አክስቴ፣ ያዩዋትን የእሾህ ጭረት በነጠላዋ እየሸፈነች። ለንስሐ አባት፣ ፊት ለፊት፣ በፍልሰታ! የትሉ ጉዳይ ተረስቶ ቀረ።

ከተረፈው ማርማላታ ይሠራል። ማርማላታ ስንል የመርቲን የብርቱካን ጣሳ እያሰብን ያደግን ሰዎች፣ ከእንጆሪም ይሠራል ሲባል እንገረማለን። የአክስቴ አሠራር ቀላል ነው፦ ለአንድ ኪሎ ፍሬ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ስኳሩ ከሸማቾች ወረፋ ተይዞ የተገኘ ስለሆነ እሱም ሌላ ወግ ይወጣዋል። ከበሰሉት መሐል ጥቂት ቀያይ ያልበሰሉ ትጨምራለች። ይህን ያስተማራት የለም፤ ግን ትክክል ነው። ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባለው ነገርና ጎምዛዛው አሲድ ያልበሰለው ፍሬ ውስጥ ይበዛሉ። ዘሩን በወንፊት የሚያጠልሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልደግፋቸውም። ጥርስ መሐል ዘር ካልገባ ጊዜህን ጨርሰህ ያንን ሁሉ እሾህ ውስጥ የገባኸው ለምን ነበር?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከሲያትል መጣች፣ ሙቀት መለኪያም ይዛ መጣች። መጽሐፉ የሚለው 220 ፋራናይት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 105 ዲግሪ ገደማ። «እማ፣ 105 ሳይደርስ እንዳታወጪው» ብላ መለኪያውን ድስቱ ላይ ሰካችና ቁጭ አለች። አክስቴ በበኩሏ ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ሳህን አውጥታ ጠብ አደረገችበት፣ በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ፊቱ ተሸበሸበ። «በቃ ደርሷል» አለች። መለኪያው ግን ገና 97 ላይ ነው። ልጅቱ «ሳይንስ ነው እማ፣ ሳይንስ!» እያለች እሳቱን ጨመረች። ከድስቱ ግርጌ የወጣውን ነገር በኋላ በቢላ ነው የፈነቀልነው፤ ከረሜላ ነው ብለን ለሰፈር ልጆች ሰጠን፣ ጥርሳቸው ጤነኛ ስለሆነ ወደዱት።

ሳይንሱ ትክክል ነበር፤ ችግሩ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውሃችን 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ማርማላታ ደግሞ ከውሃው መፍያ በአምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ይደርሳል። ስለዚህ ሲያትል ላይ 105፣ እኛ ጋ 97። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ የደጋ ሰዎች በየከፍታችሁ አስሉት፤ ወይም እንደ አክስቴ ሳህን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ።

በዚያው የማርማላታ ግርግር መሐል የአክስቴ ነጠላ ላይ ጠብ አለ። ጎረቤት ሮጣ መጥታ በልብስ ሳሙና አሸችው። ወይን ጠጁ እድፍ ዓይናችን እያየ ሰማያዊ ሆነ። «ሎሚ! ሎሚ!» አለች ሌላዋ፤ ሎሚ ሲፈስበት ቀይ ሆነ። ሳሙና ሲነካው ሰማያዊ፣ ሎሚ ሲነካው ቀይ፤ ሴቶቹ ነጠላውን ረስተው በቀለሙ መጫወት ጀመሩ። የእንጆሪ ቀለም ጠባዩ ይኼ ነው፤ በጎምዛዛ ይቀላል፣ በሳሙና ሰማያዊ ይሆናል። የሚያስለቅቀው ጨርቁን ወጠር አድርጎ የፈላ ውሃ ከላይ ማንቆርቆር ነው፣ ያውም ሳይደርቅ። አክስቴ ሲደርቅ ነው የሰማችው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን «ጥለቱን አስቀየርሽው እንዴ?» ብለው ጠየቋት።

ልጅቱ ስለ ሲያትሉ እንጆሪ የነገረችን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እዚያ አረም ነው። ሉተር በርባንክ የሚባል የተክል አዋቂ በ1885 እ.ኤ.አ. ከህንድ ዘር አስመጥቶ፣ የሂማላያ ነው ብሎ ሸጠው። የሂማላያ ሳይሆን የአርመን አገር ተክል መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ እስኪታወቅ ድረስ ግን በየባቡር ሐዲዱ፣ በየወንዙ ዳር፣ በየአጥሩ ወጣ። መንግሥት በጎጂ አረምነት መዝግቦት በመቁረጫ ማሽን ይዋጋዋል፤ እሱም ከሥሩ እያቆጠቆጠ ይመለሳል። የሚበስለው በነሐሴ፣ ፍልሰታ ላይ ነው። ለጾመኛ ከሰማይ የወረደ በሉት! ያገራችን ሰዎች ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን መኪና ውስጥ ትተው ይለቅማሉ። ከአውራ ጎዳና ዳር ብቻ አይለቀምም፣ ፀረ አረም መድኃኒት ሊረጩበት ይችላሉና።

እንዲያ ከሞላ ስስት ቀረ ማለት ነዋ፣ አልኳት።

«ምን ይቀራል!» አለች። አንድ ቀን የደብሩ ሴቶች የያዘችውን ሳህን አይተው፣ እንዴት ያማረ ነው፣ የት ነው የለቀምሽው ብለው ጠየቋት። ከተማው በሙሉ እንጆሪ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሳይቀር ሞልቷል። እሷ ግን፣ በ12 ዓመቷ ከአገር የወጣች ልጅ፣ የእናቷን ልጅነት ምንም አልረሳችውም።

«ከሱቅ ነው የገዛሁት» አለቻቸው።

እዚህ እኛ አገር ግን ሱቅ ውስጥ የዱር እንጆሪ አይገኝም፤ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። በማለዳ የተለቀመ ማታ ላይ ላብ ያወጣል፣ በማግስቱ ይሻግታል፤ ነጋዴ የሚታገሰው ዕቃ አይደለም። አንዳንዴ ግን ከከተማ ስትወጡ በጣሳ ወይም በቅጠል ይዘው መንገድ ዳር የሚቆሙ ልጆች ታገኛላችሁ። እጃቸው በጭረት የተሞላ ነው፣ ምላሳቸው ጥቁር ነው፣ ከለቀሙት ግማሹን በልተውታል፤ መብታቸው ነው። የተጠየቃችሁትን ክፈሉ፣ በዋጋ አትከራከሯቸው። ወደ ቤት እወስደዋለሁ ብላችሁም አትከድኑት፤ እዚያው መኪና ውስጥ ብሉት። ዝርዝር ብር መያዝም አትርሱ፤ ልጆቹ መልስ የላቸውም።